ፒያኖፎርቴ እስክትመጣ

ዓይን አፋር ሰው የሚወደውን ነገር በአጭር ስሙ ለመጥራት አይደፍርም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ነገሩ ራሱ ዞር ብሎ "ማን ፈቀደልሽ?" የሚለን ይመስለን ይሆናል።

እኔ የምወደው ፒያኖ ነው። እውነተኛ ፒያኖ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው እዚሁ ሶዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያናችንን ኪቦርድ ነው፣ እሱንም ከሩቅ። እሁድ እሁድ የወንድም ናትናኤል ጣቶች በሚታዩበት ወገን እቀመጣለሁ። እሱ ሲጫወት የእኔም ጣቶች በመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ላይ ይጫወታሉ። ድምፅ የለውም እንጂ ጥሩ ነው።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን "ፒያኖ" ማሳጠሪያ ነው፣ በመደበኛው እንግሊዝኛ ሙሉ ስሙ "ፒያኖፎርቴ" ይባላል አሉን። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፒያኖ "በቀስታ"፣ ፎርቴ "በኃይል" ማለት ነው። ደነገጥኩ። ለካ አንቱ የሚባለውን አንተ ስል ኖሬያለሁ! ከዚያ ወዲህ በልቤ እንኳ በሙሉ ስሙ ነው የምጠራው።

ታዲያ ናትናኤል አረካ ከተማ ሥራ አገኘ። የመዘምራን መሪያችን ወንድም ማቴዎስ ከልምምድ በኋላ ሰብስቦን፣ ናትናኤል ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ያስተምራል፣ ማን መማር ይፈልጋል አለ። እንዲህ ያለ ዕድል ስንቴ ይመጣል? ሰው ፊት ስቆም የሚያድነኝ የሸመደድኩት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የሸመደድኩት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር። ተነሥቼ "አይ ዉድ ላይክ ቱ ለርን ዘ ፒያኖፎርቴ" አልኩ።

ማቴዎስ በትሕትና፣ እኅቴ፣ እሱ መሣሪያ እንኳ የለንም፣ ያለን ኪቦርድ ብቻ ነው አለኝ። ያው ነው፣ እሱን ነው የምፈልገው አልኩት። አልኩት እንጂ፣ በፒያኖ ነው ያልኩት፤ ፎርቴው እኔ ዘንድ የለም። ከጎኔ የነበረችው ብርቱካን "እኔ ኪቦርድ" አለች። ሁለት ቃል። ኪቦርዱ የእሷ ሆነ። ስንወጣም፣ አንቺማ ትልቁን ነው የፈለግሽው፣ ትንሿን ለእኛ ለድሆቹ ተይልን እያለች ሳቀችብኝ።

ማቴዎስ ግን ደግ ሰው ነው፤ ፍላጎቴን የጸሎት ርዕስ አደረገው። የጸለዩት ሽማግሌው ጋሽ አንጁሎ ናቸው። የጋሽ አንጁሎ አማርኛ፣ እንደ ብዙዎቻችን ቤት አማርኛ፣ ወንዱንና ሴቱን እንዳሻው ያደርጋል። "ጌታ ሆይ፣ ፒያኖፎርቴን በሰላም አምጣልን፤ መንገዷን አቅናላት" አሉ። ጉባኤው አሜን አለ፤ ብርቱካንም አሜኑን በኪቦርዱ አጀበችው። የእኔ ጣቶች መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ተከተሏት።

ይህ ጸሎት እሁድ በመጣ ቁጥር ይደገማል። ባለፈው እሁድ አንዲት እናት በር ላይ ያዙኝና፣ ልጄ፣ ይህች ዘመድሽ ከየት ነው የምትመጣው አሉኝ። ምን ልበል? ከጣሊያን አልኩ። በጣም አዘኑ። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ መጥታ የትም እንዳታድር፣ እኛ ቤት ትረፍ፣ ትርፍ አልጋ አለን አሉኝ።

እሺ እማማ አልኳቸው። ይኸው ማረፊያዋም ተገኘ፤ የቀረው መምጣቷ ብቻ ነው።