ጋሽ አላምረው ባትሪ ሲመርጡ

ፈረስ መምረጥ የሚችል ሰው ባትሪ መምረጥ አያቅተውም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ ጋሽ አላምረው አሉልኝ። የኩራዝ ጭስ ዓይናቸውን ቢያስቸግራቸው፣ የሶላር ባትሪ ልንገዛ ከእንጅባራ ዳንግላ ወረድን። ሻጩ ስለ ዋስትናው ሲያስረዳ እሳቸው ባትሪዎቹን እየዞሩ ጎን ጎናቸውን መታ መታ አደረጉ። በመጨረሻ ለሁለት ሰው የሚከብደውን መረጡ።

«ደንዳና ነው፤ ዳገት አይፈራም!»

ባትሪ ምን ዳገት እንደሚወጣ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል?

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ብቅ ብል ኩራዝ አብርተው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው! ትናንት ሲሠራ አምሽቶ ዛሬ እያረፈ ነው። ጥሩ ፈረስ በየቀኑ ይጋለባል እንዴ?»

ለባትሪው ያለበሱትን ጋቢ ገለጥ አድርገው፣ እረፍቱ እንዴት እንዳማረበት እንዳይ ኩራዙን አስጠጉልኝ።