የጠቆረችው ስድስት ፔኒ የነጻችበት ዜና

የልጅ ልጃችን ኮሊን ለሚመጣው ገና ይመጣ ይሆን? እኔ አላውቅም፤ ዊልፍሬድም አያውቁም። ነገሩ በሰው አፍ ሳይጣመም እንደ ሆነው ልጻፈው።

አዲሱ ማሞቂያ በተተከለ በአራተኛው ዓመት፣ እህቴ ዶሪስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ባስገባች በሁለተኛው፣ በእንግሊዝ አገር በሃሊፋክስ ከተማ፣ ባለቤቴ ስመ ጥሩው ዊልፍሬድ፣ መዋዔ ቧንቧ፣ ጉንፋን የማይፈሩት፣ እኔ ግን ሁልጊዜ የምፈራላቸው፣ ፑዲንግ የሚባለው የገና ጣፋጭ ሊጥ በሚማሰልበት እሑድ ታላቅ ኀዘን አገኛቸው። በየዓመቱ ከሊጡ የምትገባው፣ ለደረሰችው ሰው ዕድል ሰጥታ፣ ታጥባ ወደ ሰማያዊው ስኒ የምትመለሰው ትንሿ የብር ሳንቲም፣ የቤታችን ስድስት ፔኒ፣ አልነበረችም፤ ዐምና ዶሪስ ውጣታለችና። ሐኪሙ ትወጣለች ብሎ ነበር። ወጣች አልወጣች፣ ዶሪስ እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ወእምዝ ዊልፍሬድ ተነሥተው፣ የደረጃውን መደገፊያ ሳይዙ፣ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ ኮሊን ሲመጣ ወደሚያድርበት ክፍል ወጡ። በዚያም የኮሊን የአሮጌ ሳንቲሞች ሣጥን ነበረ። ከእነዚህ አንዷ ተሸጣ ለሚወዳት ለማርጆሪ የቃል ኪዳን ቀለበት እንደምትገዛለት ነግሮናል፤ ሁላችንም ትልቋና የምታብረቀርቀው መስላን ነበር። ዊልፍሬድ ትልቋን በአክብሮት አልፈው፣ ጥግ ላይ የተረሳች የመሰለቻቸውን አንዲት ጥቁር ስድስት ፔኒ አነሡ፤ አዘኑላትም። የበሩን ማንኳኪያ በሚወለውሉበት ቅባት ፈተጓት፤ የንግሥት ቪክቶሪያ አፍንጫ እንደ ፀሐይ እስኪያበራ ድረስ ፈተጓት።

ከዚያም ሠራዊቱ ተሰለፈ። ፊት ዊልፍሬድ ማማሰያ ይዘው፣ ቀጥሎ እኔ ሳንቲሟን ቀቅዬ፣ ቀጥሎ ዶሪስ ጥርሷን በመሐረብ ቋጥራ፣ ኋላ ድመቷ። ሊጡም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተማሰለ፤ አዋጅም ተነገረ፦ «ዘንድሮ ዕድሉ የኮሊን ነው! ሌላ የነከሳት በጥርሱ ይፍረድ!»

በገና ቀን ፑዲንጉ በብራንዲ ተለኩሶ፣ እኔም ለመጋረጃው ስሳቀቅ፣ ዊልፍሬድ በለውዝ ምልክት ያደረጉበትን ቁራሽ ለኮሊን ሰጡ። በሁለተኛው ጉርሻ ቀጭ አለ። ኮሊን ሳንቲሟን አውጥቶ ላሰ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋ፣ ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ መዘዘ። ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ።

«አባባ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

«ከሣጥንህ። አይዞህ፣ የቀለበትህን አልነካሁም።»

«የቀለበቴ ይቺ ነበረች።»

ያን ጊዜ ሁሉን ነገረን። በ1893 የንግሥቲቱ መልክ በሳንቲም ላይ ተለውጦ ያረጀችውና ሻሽ የተከናነበችው ንግሥት መጣች፤ ጥቂት ስድስት ፔኒዎች ግን ያንን ዓመት ይዘው፣ ትንሿን ዘውድ እንደ ደፉ በቀድሞው መልክ ወጡ፤ ሰብሳቢዎችም እነሱን ፍለጋ እንቅልፍ የላቸውም። ጥቁረቱ የዕድሜዋ ቆዳ ነው አለ፤ የተፈተገችን ሰብሳቢ ዘወር ብሎ አያያትም።

«በምን ወለወሏት?»

«በማንኳኪያው ቅባት» አሉ ዊልፍሬድ፣ ድምፃቸው እያነሰ።

«ሁለት ጊዜ» አለች ዶሪስ። «እኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ መጀመሪያ የዐምናዋን መልሺ» አሏት።

ማንም አልሳቀም። ማርጆሪ በጥር ቀለበቷን ትጠብቃለች፤ ዊልፍሬድ ደግሞ ለዚህ ልጅ ብለው ነበር እጃቸው እስኪላጥ የፈተጉት።

እነሆ፣ ክብር ለዊልፍሬድ ይሁን፤ የሰማንያ ዓመት ጥቁረትን በአንድ ከሰዓት ድል ላደረጉት፣ ንግሥትን ከነዘውዷ ላጠቡት፣ በሃሊፋክስም ሆነ በአካባቢዋ በመፈተግ አቻ ላልተገኘላቸው! በዚያች ሰዓት ግን ማማሰያቸውን ታቅፈው ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

ኮሊን ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ። ጭጋግ ነበረ፤ የአንገት ልብሱን ረስቷል። በመደርደሪያው በኩል ሲያልፍ ቆመ፤ ሳንቲሟን ሰማያዊው ስኒ ውስጥ ጣላት፤ ቅጭል አለች። ከዚያ ከቤት ወጣ።