በቅሎዋ በአንድ መስመር ሞተች

እንደ ደራሲ ያለ ከዳተኛ በዚህ ምድር ላይ የለም! ጓደኛ ቢከዳችሁ በአንድ ቀን ይገላግላችኋል። ደራሲ ግን አምስት ቅጽ ሙሉ አቅፎ፣ አባብሎ፣ እንቅልፍ ነስቶ... በስድስተኛው ላይ ገደል አፋፍ አድርሶ ይለቃችኋል። «ሲያልቅ አያምር» ያሉት አባቶቻችን ምን አንብበው እንደሆነ ባላውቅም፣ በመጨረሻው ቅጽ እንደተቃጠሉ ግን እምላለሁ።

ጥፋቱ በእርግጥ ከእኔ ይጀምራል። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ነቀምቴ ውስጥ በደረቅነታቸው ከታወቁ ሰዎች አንዱ ነኝ፤ በሥራ ቀን የመንግሥት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በትርፍ ጊዜዬ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ። ይህ ሰው ለዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለሲፈን «ማንበብ ልመጂ» ብሎ የገዛውን የታዳጊዎች ልቦለድ ራሱ እየሰረቀ ያነባል ብትባሉ ታምናላችሁ? አንዲት ልጅ አለች፤ ዳመና የምትባል ክንፍ ያላት በቅሎ አለቻት፤ የጨለማውን ንጉሥ ልትገጥም በበቅሎዋ ሰማይ ለሰማይ ትሄዳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። በአምስቱ ቅጽ ውስጥ ዳመና ተርባለች፣ ተወግታለች፣ አንድ ክንፏ ተሰብሮ በሌላው በርራለች። እኔም በሥራ ሰዓት ፋይል መሐል ደብቄ «አይዞሽ» ስላት ከርሜያለሁ።

ስለ ድርቀቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የባለቤቴ የለሊሴ አባት ከሁለት ዓመት በፊት አገራቸው አርጆ ውስጥ ሲያርፉ እንባ እምቢ አለኝ። አዝኜ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሽማግሌው «ኢልማ ኮ»፣ ማለትም «ልጄ»፣ እያሉ ከአማቾቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱኝ ሰው ነበሩ። ግን ዓይኔን ባሸው፣ ባርገበግበው... ወይ ፍንክች! አገሩ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እንደ ምሰሶ ተገትሬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ለሊሴ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ውሃ ካቀረረ «ለሽንኩርት እንኳ ታለቅሳለህ» ትለኛለች። አባቷን አልወዳቸውም ነበር ብላ ታስባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በቤታችን ያልተዘጋ ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።

ከወር በፊት የሰፈራችን ሰው ኦቦ ፈይሳ አረፉ። ዕድሜ ልካቸውን በዲጋ መስመር አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም። ጸሐፊ ነኝና ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብዬ መመዝገብ ሥራዬ ነው። በዚያው ጠዋት፣ ሌብነቴን ካወቀች የቆየችው ሲፈን ስድስተኛውን ቅጽ ጨርሳ «አባዬ... ባታነበው ይሻልሃል» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ የማያነብ ሰው አለ? ትልቁን የእድር መዝገብ ከፍቼ መጽሐፉን መሐሉ አስተኛሁትና ጥጌን ያዝኩ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ ሰው ካርታ ይጫወታል፣ እኔ አነባለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። የጨለማው ንጉሥ... በጉንፋን ሞተ! እናንተዬ፣ በጉንፋን! ሰው አምስት ቅጽ ሙሉ ሰይፍ ሲስል ኖሮ! እሱን እንደምንም ዋጥኩት። ቀጥሎ፣ «ልጅቷም ወደ ቤቷ ተመለሰች። በቅሎዋ በመንገድ ሞተች። ዝናብም ዘነበ» ይላል። ገጹን ገለበጥኩ። ባዶ ነው። ያቺ በአንድ ክንፏ የበረረች ዳመና ከዝናቡ እኩል አንድ መስመር ተሰፍሮላት ቀረች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን በቅሎ አወጣችው። ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ተንሰቀሰቅኩ!

ካርታው ቆመ።

«ጸሐፊው ምን ሆነ?»

«መዝገቡን አያችሁት? የኦቦ ፈይሳን ስም ሲሰርዝ እኮ ነው!»

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው «ጀባዹ ኢልማ ኮ፣ ሂን ቦኢን» አሉኝ፤ በርታ ልጄ፣ አታልቅስ ማለታቸው ነው። ጭራሽ ባሰብኝ። የሟች የመጀመሪያ ልጅ መጥቶ አቀፈኝና «አባቴን እንዲህ የሚወድ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር፤ እባክህ ሁለት ቃል ተናገርልን» አለ። ተነሣሁ። ስለ ኦቦ ፈይሳ ምን አውቄ? አፌ የሄደው ወደ በቅሎዋ ነው።

«ስንቱን ተሸክሞ ስንቱን ዳገት ወጣ! አንድ ቀን ደከመኝ ሳይል! እንዲህ በቀላሉ መሄድ አልነበረበትም!»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። በዚያ አውቶቡስ ዳገት የወጣ ሁሉ አነባ። ወደ ሴቶቹ በኩል ቀና ስል ግን አንዲት ሴት ብቻ አታለቅስም። ለሊሴ ናት፤ ትክ ብላ ታየኛለች።

ቤት እንደገባን «ለኦቦ ፈይሳ?» አለችኝ።

«ጥሩ ሰው ነበሩ እኮ... ሰላምታቸው...» በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» እንዳለችው ዙሪያውን ዞርኩ።

«አባቴ ጥሩ ሰው አልነበሩም?»

እስቲ ፍረዱኝ! ለጎረቤት አልቅሶ ለአማት ዝም ማለት ወንጀል ነው። ለተረት በቅሎ ማልቀስ ደግሞ ዕብደት ነው። ዕብደቱ ይሻለኛል ብዬ ከመዝገቡ ውስጥ መጽሐፉን አውጥቼ ሰጠኋት። መስመሩን ጮክ ብላ አነበበችው።

«በዚህ ነው?»

«በአንድ መስመር እኮ ነው፣ ለሊሴ! ያን ሁሉ ተሸክማት፣ በአንድ መስመር!»

ወይ ትስቃለች ወይ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባቴም በአንድ መስመር ነው የሄዱት። ስልክ ደወሉና ‹አባትሽ አርፈዋል፣ ነዪ› አሉኝ። በቃ።»

ማልቀሻው ሰዓት ያ ነበር! ልቤ ተሰንጥቋል፤ ዓይኔ ግን... ያለኝን እንባ በቅሎዋ ጨርሳዋለች። ለሊሴ ደረቅ ዓይኔን ጥቂት አየችና «አንደኛው ቅጽ የት ነው ያለው?» አለች።

ሦስት ሳምንት አነበበች። ወጥ አረረ፣ ሰው ቢጠራት አትሰማም። ባለፈው እሁድ ከሰዓት ስድስተኛውን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሲቃዋን ሰማሁና ሮጬ ወጣሁ።

«በቅሎዋ ጋ ደረስሽ?»

«አልደረስኩም» አለች እያለቀሰች። «ልትሞት ነው ብዬ ሳስብ አባቴ ትዝ አሉኝ። አርጆ ስንሄድ በር ላይ ቆመው ‹ኢልማ ኮ መጣ?› ብለው ቀድመው የሚጠይቁት አንተን ነበር። እኔን ልጃቸውን እንኳ ከአንተ ቀጥሎ ነው።»

መጣ! ሳላሸው፣ ሳላርገበግበው መጣ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሲፈን ደንግጣ ከቤት ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«አያትሽ» አልን ሁለታችንም።

«እንዴ! አያቴ የሞቱት ከሁለት ዓመት በፊት አይደል?»

ለሊሴ እንባዋን ጠረገች።

«አባትሽ ለቅሶ የደረሰው ዛሬ ነው» አለቻት።