ክቡር ኦዶኔ የተቀመጡበት ድንጋይ

ድንበር የሚቆጥር ሰው ከየትኛውም መንደር አይጠፋም። እኛ ጣሊያኖች ሃያ ክልል አለን፣ በሥራቸው ደግሞ ከመቶ በላይ አውራጃ። ይህን ሁሉ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚዘረዝር ጎረቤት የገጠመህ እንደሆነ እግዜር ያጽናህ።

የእኛው ክቡር ኦዶኔ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አመሻሽ ላይ ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በድንበር ወሬ አድርቀውኛል። "የኔ ልጅ፣ እግርህን ወደ ወንዙ አትዘርጋ፣ አውራጃ ትሻገራለህ" ይሉኛል። እኛ የቶስካና ክልል ሰዎች ዳቦ የምንጋግረው ያለ ጨው ነው። ባለቤቴ ሎሬዳና ግን ከወንዙ ማዶ ከኤሚሊያ ስለመጣች፣ ሦስት ልጅ ወልዳም "የውጭ አገሯ ሴትዮ" ናት። እሷም ሆን ብላ ጨው ያለበት ዳቦ ታቀርብላቸዋለች። "ድንበር ጥሶ የገባ ዳቦ" ይላሉ፣ ከዚያ ሙልጭ አድርገው ይበሉታል።

ታዲያ አምና ጎርፍ የወንዙን ድልድይ ሰበረው። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ለመድረስ ልጆቻችን ተራራ ዞረው ሁለት ሰዓት መጓዝ ጀመሩ። የወዲህኛው አውራጃ "ድልድዩ የነሱ ነው" አለ፣ የወዲያኛውም እንደዚያው። ዓመት አለፈ። ትምህርት ቤቱም ልጅ ስላጣ ሊዘጋ ተቃረበ።

በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሹም መጥተው ደጄ ላይ ይጨቃጨቁ ጀመር። ክቡርነታቸው ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም።

"አባባ፣ ትንሽ ይነሱልን፣ ካርታውን እዚህ እንዘርጋው" አለቻቸው የወዲህኛዋ ሹም።

"ካርታሽን እጠፊው፣ የኔ ልጅ። ይልቅ ድንጋዩን ገልብጡት።"

ገለበጥነው። ጭቃው ሲጠረግ ቁጥርና ጽሑፍ ብቅ አለ፦ "የወሰን ድንጋይ። ድልድዩ የሁለቱም ነው፣ በጋራ ይጠገን።" ለካ፣ ክቡርነታቸው እንዳጫወቱን፣ አያቴ ከድልድዩ ራስ ነቅለው መቀመጫ አድርገውት ኖሯል። ሹማምንቱ ቁጥሩን በየመዝገባቸው ፈለጉ፣ አገኙትም። የሚከራከሩበት አለቀ።

"ጋሼ፣ ይሄን እያወቁ ዓመት ሙሉ ዝም ይሉናል?" አልኩ ተናድጄ።

"እኔ? ሠላሳ ዓመት ነገርኩህ እንጂ። 'ይሄ ድንጋይ እኮ' ብዬ ስጀምር ወሬውን ወደ ኳስ ታዞረዋለህ።"

እውነታቸውን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። አፈርኩ።

ድልድዩ ትምህርት ሲከፈት ደረሰ፣ ድንጋዩም ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። ልጆቹ እየሮጡ ሲሻገሩ መንደሩ በሙሉ አጨበጨበ። ክቡርነታቸው አዲስ ከረባት አስረው፣ ሎሬዳናን ክንዷን ይዘው ድልድዩ መሃል ላይ ቆሙ።

"አንቺ የምትጀምሪው እዚህ ጋ ነው" አሏት።

"እርስዎም የሚያበቁት እዚሁ ጋ ነው" አለቻቸው።

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ግን ደጄ ጭር አለብኝ። መቀመጫው የለ፣ እሳቸውም አልመጡ። በማግስቱ የሳሎናችንን ምርጥ ወንበር ደጅ አውጥቼ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠራኋቸው። መጥተው ወንበሩን ዞረው ዞረው አዩት።

"የየት አውራጃ ሥራ ነው?"

"እንጃ፣ ጋሼ" አልኩና ገብቼ ሳሎን ውስጥ ኳስ የሚያሳየውን ቴሌቪዥን አጠፋሁት። "እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"