ለጊደሯ የሚፈታ አንደበት

አንደበቱ ለከብት የሚፈታ፣ ለልጁ የሚታሰር አባት አጋጥሟችሁ አያውቅም? ወደ ከተማችን ወደ ግራና ብቅ በሉ፤ ሞልቷል! የጎረቤቴን የአያ ሰይድን ያህል ግን አላየሁም። ላም ኮርማ ስትፈልግ፣ ስትይዝ፣ ስትጨነግፍ በገበያ መሃል ጮክ ብለው ያስረዳሉ። ነውር ያላቸው የለም፤ ከብት ነዋ!

ባለፈው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ወላጆችን ከነልጆቻቸው ቀበሌ አዳራሽ ሰብስባ፣ ስለ ሰው አካልና ስለ እርግዝና የምታስተምርበትን ትልቅ ሥዕል ዘረጋች። አያ ሰይድ "አስተግፊሩላህ!" ብለው የትከሻቸውን ፎጣ ሥዕሉ ላይ ጣሉበት። አባቶች ጣሪያውን፣ እናቶች መሬቱን ማየት ጀመሩ። እኔስ? እኔማ ጫማዬን አጠናሁ።

"ታዲያ ለልጆቹ ማን ይንገራቸው፣ አያ ሰይድ?" አለች ሠራተኛዋ።

"ሲያገቡ ይደርሱበታል!"

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ዘይነባ አጠገባቸው ተቀምጣለች። እሷን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች ለመልስ የተቀጠሩት ለማግስቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ ብድግ አለች።

"አባ፣ ባለፈው አንድ ሰው ለጊደራችን ብሎ ኮርማውን እየነዳ ሲመጣ ምን ብለው መለሱት?"

የከብት ነገር ተነሳና የአያ ሰይድ ፊት ፈካ።

"ገና ናት፣ አጥንቷ አልጠናም፣ ብትይዝ ምጥ ይገድላታል አልኩታ! ውሸት ነው?"

"እውነት ነው አባ። ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ለእኔም እንደዚያ ይበሉልኝ።"