የሴቬሪና ምራቂ

ሰው የማያምን ሰው ይቻላል፤ ዕቃ የማያምን ግን አይቻልም። በየገበያው አንድ አይጠፋም። የእኛ የኮቻባምባ ከተማ ገበያው ክቡር ዶን ኤውስታኪዮ ይባላሉ። ከወተት ፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል፤ መስመር የተሰመረበት የፕላስቲክ መለኪያ ግን ከብብታቸው አይለይም።

ባልዲ ላይ አሥር ሊትር የሚል ከተጻፈ ውሃ ሞልተው፣ በመለኪያቸው እየቀዱ፣ ዘጠኝ ተኩል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይገዙም። ለዓይኑ ጠብታ የገዛውን ምስኪን መንገድ ላይ አቁመው «ይሄ በሚሊ ሊትር እንጂ በሊትር አይወራም» ብለውታል፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ለቅሶ ቤት ሄደው ሰው ሲያነባ እሳቸው የበቆሎ ጠላውን ጋን በዓይናቸው ሰፍረው «ስልሳ ሊትር ናት፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አትበቃም» አሉ። አልበቃችም። የሚያናድደውም አለመሳሳታቸው ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ ሴቬሪና ዘንድ ባይመጡብኝ። ሴቬሪና ጭማቂ ሻጭ ናት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሷ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን በካሮት እጠጣለሁ። አንድ ብርጭቆ ይገዛል፤ ሲያልቅ ጆጉ ውስጥ የተረፈው ምራቂ ተብሎ ይጨመራል። ጭማቂውን ማንም ይገዛል። ምራቂው ግን እንደ ሰውየው ነው፤ ለምትወደው ታበዛለች።

ዶን ኤውስታኪዮ ገና በመጡበት ቀን ብርጭቆዋን ሰፍረው፣ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር የምትይው ሁለት መቶ ሰማንያ ነው አሏት። ታባርራቸዋለች ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን ሳቀች፤ «እንግዲያው ሃያዋን ከነወለዷ ይውሰዱ» ብላ ምራቂያቸውን እስከ አፉ ሞላችላቸው። ያን ቀን ጭማቂው አልወርድ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከብርጭቋቸው አልነቀል አለ። የእሳቸው እየጨመረ የእኔ እየቀነሰ መሰለኝ። ቅናት በዚህ ዕድሜ ያሳፍራል፤ ቢያሳፍርም ቀናሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሁለታችንም ምራቂ እንደተቀዳልን ብርጭቆዬን ገፋሁላቸው።

«ዶን ኤውስታኪዮ፣ እስቲ ይለኩልኝ። የእኔንም የእርስዎንም።»

ሴቬሪና ብርቱካን መላጧን አቆመች። «ምን ያደርግልዎታል ደንበኛዬ? ይጠጡት እንጂ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከቢላዋዋ ላይ አላነሳችም።

መጀመሪያ የእኔን መለኪያው ውስጥ ገለበጡ። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመስመሩ ጋር አስተካከሉ፤ እኔም አብሬ ጎንበስ አልኩ። መቶ። ወደ ብርጭቆዬ መልሰው የራሳቸውን ገለበጡ። መቶ ሰማንያ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ የራቁት ሰው በዚህች አግዳሚ ላይ እንኳ ሁለተኛ መሆኑ በቁጥር ሊነገረው ነው።

ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

«እኩል ነው» አሉ።

«እኩል?»

«አልኩዎት እኮ። እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

ብርጭቆዬን አንስቼ ጠጣሁ። በዕድሜያቸው አንድ ጠብታ ያልዋሹ ሰው ለእኔ ሲሉ ሰማንያ ሚሊ ሊትር ዋሹ።

ቅናቱ ለቀቀኝ እንዳልል ሌላ መጣ። ትናንት አግዳሚው ላይ ቦታ ይዤ ስጠብቃቸው፣ ማዶ ፓፓያ ሻጯ ዘንድ የማላውቀውን ሰውዬ ብርጭቆ ጎንበስ ብለው ሲሰፍሩለት አየሁ። ሰውየው ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ሴቬሪና የቀዳችልኝን ምራቂ ሳልነካ ተነሳሁና ተሻግሬ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ አግዳሚያችን አመጣኋቸው።