ሰው የገዛችው መኪና

ምትኩ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ሄደ፤ በሕልሙም ራሱን ለሽያጭ ቆሞ አገኘው።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት ሰውየውንና መኪናዋን እናስተዋውቅ። ምትኩ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል። ሚስቱ ዝናሽ ፀጉር ቤት አላት። መኪናዋ ያገለገለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ስኮርታ ጎማዋን እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ያዘለች አረንጓዴ ፎርዊል ናት። ትንሽ ናት፤ ግን አራቱም ጎማዎቿ ስለሚጎትቱ ጭቃም ዳገትም አይበግራትም ተብሎላታል። እንድትገዛ ያሰበችው ዝናሽ ነበረች። አባቷ አባባ እርገጤ ጥድ አምባ የምትባል ደጋ ላይ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ እግራቸውም አብሮ ሰንፏል። ከአስፋልቱ ማለቂያ እስከ እሳቸው ደጅ ያለውን መንገድ ደግሞ ሚኒባስ አይደፍረውም። ዝናሽ ፀጉር ቤቷን ልታሰፋበት ያጠራቀመችውን አውጥታ ለባሏ የሰጠችው፣ አባቴን በዚህች መኪና አምጥቼ አሳክማለሁ ብላ ነው።

መኪናዋ ግቢ በገባች ዕለት ግን ምትኩ ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ እሷን ያጥባል። የወንበሮቿን ላስቲክ ማንም እንዳያነሣው አዘዘ። በረዶ ሲጥል ከአልጋው ላይ ብርድ ልብሱን ገፎ ሊያለብሳት እየሮጠ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ስለ ተራራና ስለ ሸለቆ ሲያስተምር ይውላል፤ እሷን ግን ከአስፋልት አውርዷት አያውቅም። ዝናሽ ጥድ አምባን ስታነሣበት፣ በክረምት ጭቃው ይድረቅ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ድንጋዩ ሆዷን ይመታታል ይላል። እንዲህ እያለ ዓመቱ ዞረ።

በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪሞች ለሕክምና ዘመቻ ወደ ከተማው ሆስፒታል መጡ። የሚቆዩት እስከ እሑድ ብቻ ነው። ዝናሽ ይህን ስትነግረው ምትኩ በመስኮት ሰማዩን አየና ጭቃው ትንሽ ጠንከር ቢል ይሻላል አለ። አልተጣሉም። ዓርብ ጠዋት የላስቲክ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ወደ ጥድ አምባ ወጣች። ከአስፋልቱ ጫፍ ትመለሳለች ብሎ ጠበቃት፤ አልተመለሰችም። ቅዳሜ የቀዘቀዘ ምሳውን ብቻውን በላ። ቤቱ ጭር ሲልበት ዝናብ እየጣለ ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ግንባሩን መሪው ላይ ጣል እንዳደረገ እንቅልፍ ወሰደው።

ሜዳው ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት፣ እሱም መኪናዋን የገዛበት ሜዳ ነው። አሁን ግን በረድፍ የቆሙት ሰዎች ናቸው። መኪኖቹ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ያማርጣሉ። አንዷ ቆም ብላ የአንዱን ጥርስ ታያለች፤ ሌላው የሌላውን ቁርጭምጭሚት በጎማው መታ መታ ያደርጋል። ከምትኩ በስተቀኝ የትምህርት ቤታቸው ርእሰ መምህር ቆመዋል። አንድ የቆሻሻ መኪና ዞር ዞር ብሎ አያቸውና ወደዳቸው። ርእሰ መምህሩ ከኋላው ተንጠልጥለው፣ ለምትኩ በደስታ እጃቸውን እያውለበለቡ ሄዱ። ምትኩ እንኳን ደስ ያለዎት ማለት ይገባው እንደሆነ አላወቀም። ለማንኛውም ብሎ አላቸው።

ደላላው አንድ መብራቱ የጠፋ አሮጌ ባጃጅ ነበር። እያሳለ መጣና አይዞህ፣ ዛሬ ሳትሸጥ አታድርም አለው። ከኋላው አንዲት አረንጓዴ ፎርዊል ተከትላዋለች። ምትኩ ጀርባዋ ላይ ያለውን ስኮርታ ሲያይ አወቃት፤ የራሱ መኪና ናት። በስሟ ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ለካ ስም አውጥቶላት አያውቅም። እሷ ጭራሽ አላወቀችውም።

ባጃጁ ማሞገሱን ጀመረ። ንጹሕ ዕቃ ነው አላት። አንደኛ እጅ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻ ናት የያዘችው። ከጠመኔ በቀር ከባድ ነገር አንሥቶ አያውቅም። ገጠር አልገባም፤ አስፋልት ላይ ብቻ ነው የሄደው። በእጁም በእግሩም ይሄዳል፣ በአጭሩ ፎርዊል ነው። ይህን ብሎ ምትኩን በክላክስ ቆጣ አለው። ምትኩም ለምን እንደሚታዘዝ ሳይገባው ተንበርክኮ በእጅ በእግሩ ሜዳውን ዞረ። መኪናዋ ከጎኑ እየሄደች ጉልበቱን አዳመጠች።

"ይህ ድምፅ ምንድን ነው?" አለች።

"ኩሽኔታ ነው። ግሪስ ሲያገኝ ይተዋል" አለ ባጃጁ።

ምትኩ ጉልበት ኩሽኔታ እንደሌለው ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት መኪናዋ ምላሱን ሳብ አድርጋ የዘይቱን መጠን አየች። ከዚያ መብራቷን አብርታ ፀጉሩን መረመረችና ይህ ሰው ቀለም ተነክቷል አለች። እውነቷን ነው፤ ምትኩ ሽበቱን ይቀባል፤ ይህንንም ከዝናሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባጃጁ ቀለሙ ለውበት እንጂ ግጭት ለመሸፈን አይደለም ብሎ ማለላት። ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የምትኩን ሽበት አየ።

ምትኩ ድፍረቱን ሰብስቦ "እኔ ነኝ እኮ የገዛሁሽ" አላት።

ባጃጁ ደነገጠ። ገዢ አንቺ እንደማትባል በሹክሹክታ ነገረው። ምትኩ ይቅርታ ጠይቆ፣ እኔ ነኝ እኮ የገዛሁዎት ብሎ አስተካከለ። መኪናዋ ወደ ባጃጁ ዞር ብላ የኤሌክትሪክ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም፣ ግን ግድ የለም አለችና ወሰደችው።

የወሰደችው ወደ ራሱ ቤት ነበር። በሩ ጠባብ ቢሆንም ሳትነካው ገባች። አልጋው ላይ ወጥታ በብርድ ልብሱ ተከናነበች። እሱን ግን ግቢው ውስጥ፣ እሷ በምትቆምበት ቦታ ላይ አቁማ ሸራ አለበሰችው። ልቀመጥ ቢላት፣ ሱሪህ እጥፋት ያወጣል አለችው። ራበኝ ሲላት፣ ውስጡ እንዳይቆሽሽ አፉን በላስቲክ ሸፈነችው። ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃና በአረፋ ታጥበዋለች። ጆሮውን በጥርስ ብሩሽ ትፈትገዋለች፤ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ትወለውላለች፤ ከዚያ ሸራውን ገለጥ አድርጋ ለጎረቤት መኪኖች ታሳየዋለች። እነሱም ያደንቁታል። ምትኩ ሲወለወል ደስ ይለዋል፤ ደስ የሚለው ለምን እንደሆነ ግን ግራ ይገባዋል።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ደጃፉ ላይ መጥቶ ቆመ። ሕመምተኛ እንደያዘ ዳገቱ አቅቶታል፤ ይህን ሰውሽን ለጥቂት ጊዜ አውሺኝና ከኋላ ገፋ ያድርገኝ ብሎ ለመናት። መኪናዋ በትሕትና፣ ሰው ማዋስ አልወድም፣ ሌላ እጅ ሲገባ ይበላሻል አለችው። አምቡላንሱም ነገሩ ገብቶት፣ ልክ ነሽ፣ እኔም ብሆን አላውስም ብሎ ሄደ። ሸራው ውስጥ ሆኖ ይሰማ የነበረው ምትኩ እኔ እገፋለሁ ሊል ፈልጎ ነበር። አፉ ግን በላስቲክ ተሸፍኗል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንኳን ዝም አልኩ፣ እጄ ይላጥ ነበር ብሎ አሰበ። ይህን ያሰበው እሱ ይሁን ሸራው ለመለየት ተቸገረ።

ወዲያው የዓመቱ ምርመራ ደረሰ። ምርመራ ጣቢያው በር ላይ ክራባት ያሰሩ ሠራተኞች ረጅም ሰልፍ ይዘው ባለጉዳይ እንዲያስተናግዳቸው ይለምናሉ። ባለጉዳዮቹ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ነገ ኑ ይሏቸዋል። መርማሪዎቹ በጎች ናቸው። ነጭ ጋዋን የለበሰች በግ ምትኩን ግራ ዓይንህን አርገብግብ አለችው፤ አርገበገበ። ቀኝህን አለችው፤ አርገበገበ። ከዚያ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች።

"ይህ ሠርቶ ያውቃል?" ብላ መኪናዋን ጠየቀቻት።

"አዲስ ነው፤ አልተነካም" አለች መኪናዋ በኩራት።

በጓ ማለፊያ ነው ብላ የዓመቱን ቦሎ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት።

ከጣቢያው ሲወጡ መኪናዋ ጀርባው ላይ ነበረች። መቼ እንደወጣች አላየም። ልትከብደው ይገባ ነበር፤ እሱን ግን ከጋቢ በላይ አልከበደችውም። በእጅ በእግሩ አስፋልቱን ይዞ በቀስታ ሄደ። ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ ያያቸዋል። ድንገት አስፋልቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ፊቱ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ሰፊ አልነበረም፤ ደፋር ሰው ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረው ዓይነት ነው። ማዶ ዝናሽ ቆማለች። አባቷን አዝላለች። አባባ እርገጤ ረጅም ሰው ስለሆኑ እግራቸው ጭቃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ምትኩ እሷን ሲያይ ሰው መሆኑ ትዝ አለው። ተነሥቶ ሊቆም ሲል መኪናዋ ከኋላ ኮሌታውን ያዘችው።

"ጭቃ ነው" አለችው እንደ እናት።

"ሚስቴ እኮ ናት።"

"አይቻታለሁ። ይድረቅና ትሄዳለህ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የገዙኝ?"

"ጭቃ ለመሻገር ነዋ።"

"ይኸው ጭቃ።"

"እሱማ ያበላሽሃል።"

ምትኩ ነገሩን አገላብጦ አየው። ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ጠፋበት። ከዚህ በፊት የሰማው፣ ያን ጊዜም በደንብ የተስማማበት ንግግር መሰለው፤ የት እንደሰማው ግን ሊያስታውስ አልቻለም። ማዶ ዝናሽ አባቷን ከወገቧ ወደ ላይ አነሣ አድርጋ አስተካከለቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ምትኩ" አለች፣ "አባቴ ከበዱኝ።"

ይህን ስትል ጭቃው መስፋት ጀመረ። ዝናሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ሆኖም እየራቀች ሄደች። አባቷን እንዳዘለች የጣት ያህል፣ ቀጥሎ የክብሪት እንጨት ያህል ሆነች። ምትኩ ቆይ፣ መጣሁ ሊላት አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ክላክስ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ክላክስ። ስሟን ብቻ ልጥራ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ረጅም፣ ማቆሚያ የሌለው ክላክስ ሆኖ ወጣ።

ነቃ። ግንባሩ ክላክሱን ተጭኖት ግቢው ይጮሃል። ቀና ሲል ጩኸቱ ቆመ። ዝናቡ አባርቶ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

በሩ ላይ ዝናሽ ቆማለች። ከቦት ጫማዎቿ አንዱ የለም፤ ቀሚሷ እስከ ጭኗ ጭቃ ነው። ከኋላዋ የጥድ አምባ ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል፤ ቃሬዛው ላይ አባባ እርገጤ በጋቢ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ምትኩ ሕልሙ ያለቀ አልመሰለውም፤ አንድ ሰው የሆነ ነገር እስኪለው ጠበቀ። ዝናሽ ለአባቷ ደረቅ ልብስ ልታወጣ በአጠገቡ አልፋ ወደ ቤት ገባች። የሆነውን የነገረው ከጎረምሶቹ አንዱ ነው። አስፋልቱ ጫፍ ሲደርሱ ሚኒባሶቹ ጭቃቸውን አይተው አንጭንም አሏቸው። ስለዚህ የአስፋልቱንም መንገድ ሁሉ ሽማግሌውን በትከሻ ተሸክመው መጡ። ሆስፒታሉ ሳይዘጋ ሊደርሱ ይፈልጋሉ።

ምትኩ ወርዶ የመኪናዋን ሌላኛውን በር ከፈተ። አባባ፣ ይግቡ፣ እኔ አደርስዎታለሁ አለ። ድምፁ ክላክስ አለመሆኑ ራሱን አስገረመው።

አባባ እርገጤ ይቺ ናት ያቺ መኪና ብለው ጠየቁ። ልጄ ስለ እሷ ስታወራ ሰምቻለሁ፣ እስቲ ልያት አሉ። ጎረምሶቹ አወረዷቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አኑረው ቀስ እያሉ ዳበሱት፤ መስታወቱን ነኩ፤ የበሩን ጠርዝ ተከትለው እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው የወንበሩን ላስቲክ ነኩ። ፊታቸው ፈካ አለ።

ከዚያ እጃቸው ላይ ያለው ጭቃ ትዝ አላቸውና ፈጥነው ሰበሰቡት። የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው የነኩትን ሁሉ በጥድፊያ መጥረግ ጀመሩ። ጋቢው ከእጃቸው የባሰ ጭቃ ነበርና በጠረጉት ቁጥር አረንጓዴው እየጠፋ ሄደ።

"ልጆች፣ ራቅ በሉ" አሉ ለጎረምሶቹ። "የሰው ዕቃ እንዳታበላሹ።"